በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ሁለተኛውን ልጅ በምጥ ልትወልድ ትችላለችን?

አንዲት እናት የመጀመሪያ ልጅዋን በኦፕራሲዮን ከተገላገለች በኋላ እንደ ገና ስትፀንስ፥ ከዘመድና ከጎረቤት ሁለት ዓይነት ምክር ይመጣላታል። አንደኛው ወገን «አንድ ጊዜ የተቀደደ ሆድ ከእንግዲህ ያለ ሐኪም ቢላዋ አይወልድም» ይላታል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እናቶቻችን ሁሉ በቤታቸው ወልደዋል፤ ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ ከቤት እንድትቀር ያግባባታል። እኛ ሁለቱንም ምክሮች አንቀበላቸውም። ሁለቱም የሚሰጡት ጠባሳው ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ነውና።

የመጀመሪያው ምክር የራሱ ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. ኤድዊን ክሬጊን የተባሉ የኒውዮርክ ሐኪም፥ አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁልጊዜም በኦፕራሲዮን ትወልዳለች የሚል አሳብ ጽፈው ነበር። በዚያ ዘመን የማሕፀኑ ወፍራም የላይኛ ክፍል ከላይ ወደ ታች ይሰነጠቅ ስለ ነበረ፥ ስፌቱ በሚቀጥለው ምጥ ይተረተራል ተብሎ መፈራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ግን፥ በተለይ የግላስጎው ሐኪም መንሮ ኬር ባደረጉት ጥረት፥ የታችኛውን ስስ ክፍል አግድም መሰንጠቅ እየተለመደ መጣ። ይህ ክፍል በምጥ ጊዜ እንደ ላይኛው በኀይል ስለማይኮማተር ጠባሳው የተሻለ ይጸናል።

ዛሬ እንደሚታወቀው፥ አንድ ጊዜ ብቻ በአግድም ተሰንጥቀው በምጥ ለመውለድ ከሚሞክሩት 100 እናቶች መካከል ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ቀድሞ በምጥ የወለደች እናት ተስፋዋ ከዚህም ይበልጣል። ምጡ በራሱ ጊዜ ሲመጣ ጠባሳው የሚተረተርባቸው ከ200 እናቶች አንዷን ያህል ነው። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ይህ በደረሰ ጊዜ የእናትና የልጅ ሕይወት የሚድነው በደቂቃዎች ውስጥ በሚደረግ ኦፕራሲዮን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ኦፕራሲዮኑ በተደጋገመ ቁጥር በሚቀጥለው እርግዝና እንግዴ ልጁ ከጠባሳው ጋር ተጣብቆ ብርቱ የደም መፍሰስ የሚያስከትልበት አደጋ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ልጆች ለመውለድ ለምትመኝ እናት ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

እንግዲህ ዝግጅቱ ከየት ይጀምራል? ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ማግሥት ይጀምራል ብንል ማጋነን አይሆንም። በቆዳ ላይ የሚታየው ጠባሳ ማሕፀኑ እንዴት እንደ ተሰነጠቀ አይናገርም፤ ውጪው አግድም ሆኖ ውስጡ ቁም ሊሆን ይችላል። እውነቱን የሚናገረው ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት ነው። ባል ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው በሚዛወርበት ኑሮ፥ ዕቃው ሁሉ በመኪና ተጭኖ ይህ ወረቀት ግን በሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ተረስቶ ይቀራል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣት አስቀድሞ ኦፕራሲዮኑ ለምን እንደ ተደረገና ማሕፀኑ በየት በኩል እንደ ተሰነጠቀ የሚገልጽ ማስረጃ ጠይቆ ከጋብቻው ወረቀት ጋር ማስቀመጥ ይገባል።

ቀጥሎ የሚታሰበው ጊዜው ነው። ሁለተኛው ልጅ ከመጀመሪያው በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ሲወለድ የመተርተሩ አደጋ ከፍ ይላል። ከተፀነሰም በኋላ ክትትሉን በጊዜ መጀመርና ወረቀቱን ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ስንጥቁ ቁም ከሆነ፥ ማሕፀኑ ከዚህ ቀደም ከተተረተረ፥ ወይም እንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር ከዘጋ በምጥ መሞከር አይገባም።

ሦስተኛው ቦታው ነው። ምጡ መጠበቅ ያለበት ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ሐኪምና የተዘጋጀ ደም በሌሊትም በሚገኝበት ሆስፒታል እንጂ በቤት አይደለም። ምጥ ለማምጣት ወይም ለማፋጠን ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኀኒት መውሰድ ጠባሳውን ለአደጋ ያጋልጣል። ደም ቢፈስ፥ በምጥና በምጥ መካከል የማያቋርጥ ሕመም ቢኖር፥ ወይም የተፋፋመው ምጥ በድንገት ቢቆም ለአዋላጇ ወዲያው መናገር ነው።

«ሆስፒታሉ ሩቅ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል አስጊ እርግዝና ያላቸው እናቶች ቀናቸው ሲቀርብ መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1987 እስከ 2008 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በዚህ ማረፊያ ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት፥ በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች ሲሰላ፥ 90 ያህል እናቶች ነበሩ፤ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ከኋለኞቹ ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ መድረሳቸው ነው። ቀድሞ መድረስ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በመጨረሻም፥ በምጥ ሞክራ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት እንደ ተሸነፈች አትቆጠር። የዝግጅቱ ዓላማ እናትም ልጅም በደኅና ወደ ቤት እንዲመለሱ ነው። የተማረው ወጣት ባልም ድርሻው አራስ መጠየቂያ ገንፎ እስኪደርስ መጠበቅ ሳይሆን፥ ወረቀቱን መያዝ፥ መኪናውን አስቀድሞ መነጋገርና ደም የሚሰጡ ዘመዶችን ማሰባሰብ መሆኑን እንዲያውቀው ያስፈልጋል።