በካምፓላ የነጻ አብያተ ክርስቲያናት መስፋፋት

(ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የዑጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በኮረብታዎች ላይ የተሠራች ናት። በ1877 ወደ አገሪቱ የገቡት የአንግሊካን ሚስዮናውያን በኋላ የናሚሬምቤን ኮረብታ፣ በ1879 የደረሱት ካቶሊኮች ደግሞ የሩባጋን ኮረብታ ማዕከላቸው አደረጉ። አብዛኛው ክርስቲያንም ለረጅም ዘመን የአንደኛው ወይም የሁለተኛው አባል ነበር። ዛሬ ግን በየሰፈሩ ከማንኛውም የሃይማኖት ማኅበር ሥር ያልሆኑ፣ በራሳቸው የቆሙ ጉባኤዎች ይታያሉ። ለዚህ መስፋፋት ምክንያቱ ምንድን ነው?

አንደኛ፣ በ1930ዎቹ ዓመታት «ባሎኮሌ» የተባለ የመንፈሳዊ መነቃቃት እንቅስቃሴ ተስፋፍቶ ነበር። ቃሉ በሉጋንዳ ቋንቋ «የዳኑት» ማለት ነው። ተከታዮቹ ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ባይወጡም፣ ተራው ምእመን መስበክና ኃጢአቱን በጉባኤ ፊት መናዘዝ እንደሚችል ሕዝቡን አስለመዱት።

ሁለተኛ፣ ኢዲ አሚን በ1977 በርካታ የሃይማኖት ድርጅቶችን አገደ። የታገዱትም ምእመናን በየመኖሪያ ቤቱ በስውር መሰብሰብ ጀመሩ። በዚህም ያለ ሕንፃና ያለ ጳጳስ መኖርን ተማሩ። አሚን በ1979 ሲወድቅ ወደ አደባባይ ወጡ፤ የ1995ቱ ሕገ መንግሥትም የሃይማኖትን ነጻነት አረጋገጠ።

ሦስተኛ፣ ጉባኤ ማቋቋም ብዙ ወጪ አልጠየቀም። ብዙዎቹ የተጀመሩት «ቢወምፔ» በሚባል የደንገል ምንጣፍ በታጠረ ዳስ ውስጥ ነው። ደንገል የጣና ታንኳ የሚሠራበት ተክል መሆኑን ልብ ይሏል። ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣትም በዚያ ዳስ ውስጥ በስሙ የሚጠራውና ሲታመም የሚጠይቀው ወገን አገኘ።

በ2014 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ጴንጤቆስጤዎችና መሰሎቻቸው ከሕዝቡ 11 በመቶ ያህል ሆነው ተገኙ። ከዳስ ወደ ታላቅ አዳራሽ የተሸጋገሩም አሉ፤ በሩባጋ የሚገኘው የፓስተር ሮበርት ካያንጃ ጉባኤ አዳራሽ ከ10,000 ሰው በላይ ይይዛል።

ይሁን እንጂ ነጻነቱ የራሱን ችግር አስከትሏል። ጳጳስና ሲኖዶስ በሌለበት፣ መሥራቹ ፓስተር ቢሳሳት ማን ያርመዋል? የምእመናንንስ አሥራት ማን ይቆጣጠራል? የመንግሥት ቁጥጥር ቢበዛ የአሚንን ዘመን ያስታውሳል፤ ጨርሶ ቢቀር ደግሞ ድኻው ምእመን ለብዝበዛ ይጋለጣል። የተሻለው መንገድ ምእመናኑ ራሳቸው ሒሳብ የሚመረምሩ ሽማግሌዎችን መምረጣቸው ይመስላል። በእገዳ ዘመን ያለ ሕንፃ ጉባኤውን ያቆዩት ምእመናን ናቸውና፣ በነጻነት ዘመንም ጠባቂዎቹ እነርሱ ሊሆኑ ይገባል።

የመወያያ ጥያቄ፦ እገዳ አንድን እምነት ከማጥፋት ይልቅ የሚያስፋፋው በምን ምክንያት ነው? ከአገራችን ታሪክ ምሳሌ እየሰጣችሁ አስረዱ።