በከፋይ ላይ በመኪና ጥልፍ መጥለፍ

የከፋይ ካባ ርካሽ ነገር አይደለም። ልጁን የሚድር ገበሬ ለካባ የሚያወጣው ብር ከአዝመራው ላይ ተቆጥቦ የመጣ ነው። ለታቦት ጥላ ከየቤቱ የሚዋጣውም ገንዘብ እንዲሁ ነው። ታዲያ እንዲህ በስንት ድካም የተገዛው ከፋይ ጥልፉ ሰምጦ፣ አበባው አበባ መሆኑ ጠፍቶ ሲገኝ ያበሳጫል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ክሩ መጥፎ ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የክሩ ሳይሆን የአሠራሩ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሥራ ሲያዝ በቀላሉ አይታለልም። መኪና ገዝቶ ሙያውን ለመልመድ ያሰበም ከዚሁ ይጀምራል።

ለመሆኑ ከፋይ ከሌላው ጨርቅ በምን ይለያል? አቡጀዲን ብታዩ ሁለት ዓይነት ክር ነው ያለው፤ በቁመት የተዘረጋው ድርና በአግድም የሚተላለፈው ማግ። ከፋይ በዚህ ላይ ትርፍ ድር ይጨመርበታል። ሸማኔው ይህን ትርፍ ድር ወደ ላይ እያነሣ ትንንሽ ቀለበት ያደርገዋል፤ ቀለበቱ ሲቆረጥ ጫፉ እንደ ጠጉር ይቆማል። በፋብሪካ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጨርቅ ፊት ለፊት ተጋጥሞ ባንድ ላይ ይሠራል። በመካከል የሚያያይዛቸው ክር በስለት ሲሰነጠቅ ሁለት ከፋይ ይወጣል። ፎጣም የከፋይ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ የፎጣው ቀለበት ሳይቆረጥ መቅረቱ ነው። (ከፋይ ማለት ገንዘብ የሚከፍል ሰውም ማለት ነው። ዋጋውን የጠየቀ ሰው ስሙ የወጣለት ለገዢው ነው ወይስ ለጨርቁ ቢል አይፈረድበትም።)

የከፋይ ጠጉር ቀጥ ብሎ የቆመ ይምሰል እንጂ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በእጃችሁ ብትደባብሱት በአንድ በኩል ይለሰልሳል፤ በሌላው በኩል እምቢ ይላል። ነፋስ የጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ ማሳው አንዴ ነጣ፣ አንዴ ጠቆር እንደሚል አይታችኋል። የከፋይም ቀለም እንደዚሁ ነው። ጠጉሩ ወደ ላይ ሲያይ ቀለሙ ይጠልቃል፤ ወደ ታች ሲያይ ያብረቀርቃል፣ ፈካም ይላል። ስለዚህ ጥላ የሚሠራ ሰው ቁራጮቹን ሁሉ ጠጉራቸውን ወደ አንድ ወገን አድርጎ መቁረጥ አለበት። አንዷ ቁራጭ ከተገለበጠች ቤት ውስጥ ላይታወቅ ይችላል፤ ጥላው ፀሐይ ላይ ሲዘረጋ ግን ከሌላ ጨርቅ የመጣች ትመስላለች።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ኤልያስ ሃው የተባለ አሜሪካዊ የስፌት መኪና ባለመብት ሆነ። በእሱ መኪና የመርፌው ቀዳዳ በጫፉ በኩል ነው፤ የላይኛው ክር ከታችኛው ጋር እየተቆላለፈ ይሰፋል። በ1851 ደግሞ አይዛክ ሲንገር ለራሱ መኪና መብት አገኘ፤ ስሙም እስከ ዛሬ በብዙ ሰፊዎች መኪና ላይ ተጽፎ ይታያል። ይህ በእግር የሚረገጠው መኪና ልብስ ብቻ ሳይሆን ጥልፍም ይጠልፋል። ጨርቁን የሚስቡት ጥርሶች ዝቅ ይደረጋሉ ወይም ይሸፈናሉ፤ ጨርቁን የሚጫነው እግርም ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን የሚያንቀሳቅሰው የሠሪው እጅ ነው። መርፌው ባለበት ይወጣል ይወርዳል፤ እጅ ጨርቁን እንደ ወረቀት እያዞረ በመርፌው ይጽፍበታል። አንድ ነገር ግን አይረሳ፤ እግሩ ቢወጣም ማንሻው ወደ ታች መውረድ አለበት። አለዚያ የላይኛው ክር ስለማይወጠር ከሥር ይተበተባል።

ይህ ዘዴ በአቡጀዲ ላይ ለተለማመደ ሰው ቀላል ነው። ከፋይ ላይ ሲመጣ ግን ችግር ይነሣል። ሣር ላይ ቀጭን ገመድ ብትጥሉ ምን ይሆናል? ገመዱ ይሰምጣል፤ ሣሩ ከግራና ከቀኝ ይሸፍነዋል። ከፋይ ላይ የተጠለፈ ክርም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ያማረ ይመስላል፤ ልብሱ በተለበሰ ቁጥር ግን ጠጉሩ በክሮቹ መካከል እየወጣ ጥልፉን ይውጠዋል።

መድኃኒቱ ከሥርም ከላይም ደጋፊ ማድረግ ነው። ከሥር ጠንከር ያለ ገበር ይገባል። ከላይ ደግሞ ጠጉሩን አስተኝቶ የሚይዝ ስስ ነገር ይነጠፋል። ዛሬ ለዚህ ሥራ በውኃ የሚሟሟ ስስ ላስቲክ ይሸጣል። እሱ ከሌለ በቀላሉ የሚቀደድ ስስ ወረቀት ያገለግላል። ወረቀቱ ሌላም ጥቅም አለው። በጠመኔ ከፋይ ላይ የተሣለ መስመር በእጅ ሲነካ ይጠፋል፤ ወረቀት ላይ የተሣለ አበባ ግን ይቆያል። ሲያልቅ ትርፉ በጥንቃቄ ይቀደዳል። ላስቲኩንም ከከፋይ ላይ በእጅ ማንሣት ነው የሚሻለው፤ ውኃ አንዳንዱን ከፋይ ያበላሸዋልና። ፎጣ ከሆነ ቢታጠብ ግድ የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመሠረት ስፌት ነው። ጥቅጥቅ ያለው ጥልፍ ከመጀመሩ በፊት የቅጠሉ ወይም የመስቀሉ ቦታ ሳሳ ባለ ስፌት ዙሪያውን ይዞራል፤ ከዚያም በአግድም ይመታል። ይህ ስፌት ጠጉሩን ያስተኛና ለላይኛው ክር ወለል ይሆናል። የላይኛው ጥልፍ በላዩ ላይ መስቀለኛ ሆኖ ሲያልፍ አይሰምጥም። ቤት ያለ መሠረት እንደማይቆም ለገበሬ መንገር አያስፈልግም፤ ይህን ስፌት ግን ችኩል ሰፊ ይዘለዋል፤ ሥራው ሲያልቅ ስለማይታይ ነው። ንድፉም ቢሆን ይታሰብበት። እንደ ጠጉር የቀጠነ መስመርና ጥቃቅን ፊደል ለከፋይ አይሆንም፤ ወፈር ያለ ቅርጽ ይመረጣል።

ጨርቁን የሚወጥረው ክብ ቀለበትም ጠንቅ አለው። ከፋዩን በሁለት ቀለበት መካከል አጥብቆ ማሰር ጠጉሩን ይጨፈልቀዋል፤ የቀለበቱ ምልክት አንዳንዴ ጨርሶ አይለቅም። ስለዚህ ቀለበቱ ውስጥ የሚወጠረው ገበሩ ብቻ ይሁን። ከፋዩ በላዩ ይዘረጋና ዙሪያው በረጃጅም ስፌት ይያዛል። ይህ ስፌት በኋላ ይፈታል።

የወርቅ ክር ሌላ ጣጣ ነው። ሙካሽ የምንለው ጥልፍ ከፋይ ላይ የሚያምረውን ያህል ክሩ በመኪና መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ሲመላለስ ይላጣል፣ ይበጠሳል። ቀዳዳው ሰፋ ያለ 90 ቁጥር መርፌ፣ ላላ ያለ ክርና ዝግ ያለ እርምጃ ይረዳሉ። በቱርክ አገር፣ ዛሬ ካህራማንማራሽ በምትባለው ከተማ፣ ባለሙያዎች ይህን ችግር በእጅ ሥራ በሌላ መንገድ ፈተውታል። ካርቶን በአበባው ቅርጽ ተቆርጦ ከፋዩ ላይ ይቀመጣል። የወርቁ ክር በካርቶኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ይጋደማል፤ ጫፍ ጫፉን ከሥር የሚመጣ ሌላ ክር ይይዘዋል። ወርቁ ጨርቁን አይበሳም፣ ካርቶኑም ጥልፉን ከጠጉሩ በላይ ከፍ ያደርገዋል። እኔ እንደማስበው ከዚህ የተሻለ ብልሃት የለም፤ ጊዜ መፍጀቱ ብቻ ነው ክፋቱ።

በዚህ ዘመን ኮምፒውተር የሚመራው የጥልፍ መኪናም አለ። ሥዕሉ ከተሰጠው በደቂቃ 600 ጊዜ፣ ከዚያም በላይ እየወጋ ይጠልፋል። ቢሆንም ከፋይ ይሁን አቡጀዲ መኪናው አያውቅም። ለልሙጥ ጨርቅ የተዘጋጀውን ንድፍ እንዳለ ከፋይ ላይ ከለቀቁት ያው ይሰምጣል። የመሠረት ስፌቱን የሚጨምርበት ሰው ነው። ጠጉሩ ረጅም ለሆነ ጨርቅ ደግሞ በንድፉ ዙሪያ ሁሉ የጨርቁን ቀለም በሚመስል ክር ሳሳ ያለ ስፌት ቀድሞ ይነጠፋል።

እንግዲህ ካባ ወይም ጥላ ስትገዙ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ከፋዩን በብርሃን አዩት። ጥልፉን በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ አሹት። ጠጉር በክሮቹ መካከል ብቅ ካለ መሠረቱ ተዘልሏል። ገልብጣችሁም ተመልከቱ። ገበር ከሌለው፣ ወይም ጨርቁ በጥልፉ ዙሪያ ከተጨማደደ፣ ዋጋውን ተከራከሩ ወይም ተዉት። ሻጩ ገበሩን አላሳይም ካለ እሱም መልስ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ካውያ በፊቱ በኩል በፍጹም አይንካው። ከታጠፈበት ምልክት የያዘ ከፋይ ሲፈላ ከሚወጣ እንፋሎት ራቅ ብሎ ይሰቀልና ጠጉሩ በለስላሳ ብሩሽ ይነሣል። የግድ መተኮስ ካለበት፣ ሌላ ከፋይ ወይም ፎጣ ከሥር ይነጠፍ፤ ጠጉር ከጠጉር ይግጠም፤ ካውያውም በጀርባው በኩል ሳይጫን ይለፍ። ሳጥን ውስጥ አጣጥፎ ማኖር ጥሩ አይደለም። ካባው በሰፊ ማንጠልጠያ ይሰቀል። ጥላው ዝናብ ከመታው ሳይታጠፍ ተዘርግቶ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ ሲደርቅም ጠጉሩ ወደሚያዘነብልበት ወገን ይጠረግ።