«መልእክትዎ ደርሶናል»

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን ቢቃኝ የጥርስ ክሊኒክ፣ የጉዞ ወኪል፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ የሪል እስቴት ቢሮ፣ የሥልጠና ማዕከል ታፔላ ተደርድሮ ያያል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ድረ ገጽ አላቸው። «ያግኙን» በሚለው ገጽ ውስጥም አንድ ትንሽ ፎርም ይኖራል፦ ስም፣ ኢሜይል፣ ስልክ፣ መልእክት፣ ከሥሩ «ላክ» የሚል ቁልፍ። ድረ ገጽ የሚያሠሩ ሰዎች ስለ ፎቶው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሎጎው ብዙ ይከራከራሉ፤ ስለዚህች ፎርም ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ለእኔ ከድረ ገጹ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። በሌሎቹ ገጾች የሚናገረው ድርጅቱ ነው፤ ደንበኛው የሚናገረው እዚህች ላይ ብቻ ነው።

ለበዓል አዲስ አበባ ልትመጣ ያሰበች፣ ዋሽንግተን የምትኖር አንዲት ሴት ከኤርፖርቱ አጠገብ ማረፊያ ትፈልጋለች እንበል። እሷ ከሥራ ስትወጣ እዚህ ሌሊት ነው፤ ብትደውል የሚያነሳላት የለም። ስለዚህ ፎርሙን ሞልታ ትልካለች፤ ወዲያውም «እናመሰግናለን፣ መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይወጣላታል። መልእክቱ ግን ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እሷ ሁለት ቀን ጠብቃ ሌላ ማረፊያ ትይዛለች። የማረፊያው ባለቤት ደንበኛ እንዳጣ እንኳ አያውቅም፤ የገበያ መቀዝቀዝ ይመስለዋል። ፎርም ጨርሶ ባይኖር ኖሮ ሴትዮዋ ሌላ መንገድ ትፈልግ ነበር፤ ዝም ያሰኛት ያ የምስጋና ጽሑፍ ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ፎርሙ ከቁልፉ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ታሪክ። ኢሜይል አዲስ አበባ የገባው ከኢንተርኔት ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከመስቀል አደባባይ ብዙም በማይርቀው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ፣ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል ፊዶኔት በሚባል ሥርዓት የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። መልእክቶች ተጠራቅመው ይቆዩና በስልክ መስመር ተደውሎ በአንድ ጊዜ ይላካሉ፤ የመጡትም በዚያው ይወርዳሉ። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌ በኩል የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ነው። የዛሬው ኢሜይልም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ መንገዱ ሲዘጋበትም ቆሞ እየጠበቀ የሚሄድ መሆኑ አልተለወጠም። አገልጋይ ኮምፒውተሮች (ሰርቨሮች) እርስ በርስ ኢሜይል የሚቀባበሉበት ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ፣ በጆን ፖስተል እጅ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ ተሻሽሎም ቢሆን እስካሁን ይሠራል። የድረ ገጽ ፎርም በይፋ ደንብ ውስጥ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በዚያው ዓመት ራስመስ ሌርዶርፍ ለሕዝብ የለቀቀው ፒኤችፒ ከመነሻው ፎርም ማስተናገድም የሚችል መሣሪያ ነበር፤ ዛሬም የብዙዎቹ የቦሌ ድረ ገጾች ሞተር እሱ ነው፣ ብዙ ድረ ገጾች የሚገነቡበት ወርድፕረስ የተጻፈው በእሱ ነውና።

ደንበኛዋ «ላክ» ስትል ብራውዘሩ የእያንዳንዱን ሳጥን ስምና በውስጡ የተጻፈውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ድረ ገጹ ወዳለበት ሰርቨር ይልካል። ልብ ይባል፤ እስካሁን ኢሜይል የሚባል ነገር የለም። በሰርቨሩ ላይ ያለ አንድ ትንሽ ፕሮግራም የመጣውን ይቀበላል፣ የጎደለ ካለ ያያል፣ ከዚያ ራሱ ደብዳቤ ይጽፋል፦ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ርእስ፣ የጽሑፉ አካል። ደብዳቤውን ለኢሜይል ሰርቨር ያስረክባል። ያ ሰርቨር የተቀባዩ ዶሜይን (ከ@ ምልክት በኋላ ያለው የአድራሻው ክፍል) ኢሜይል የሚቀበለው በየትኛው ሰርቨር እንደሆነ ጠይቆ ወደዚያ ይሄዳል። እዚያ ያለው ሰርቨር ደብዳቤውን መርምሮ ወደ ዋናው ሳጥን ያስገባዋል፣ ወደ ስፓም ይጥለዋል፣ ወይም ጨርሶ ይመልሰዋል።

አረንጓዴው ጽሑፍ የሚወጣው የመንገዱ ሦስተኛ እርምጃ ላይ ነው። ፒኤችፒ ውስጥ ኢሜይል የሚልከው ትእዛዝ «ተሳክቷል» ብሎ የሚመልሰው ደብዳቤውን ለሚልከው ሰርቨር ማስረከቡን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አያውቅም፤ ማስረከብ ማድረስ እንዳልሆነ የፒኤችፒ መመሪያ ራሱ በግልጽ ጽፎታል። ፎርሙ ለደንበኛዋ የነገራት ያልተረጋገጠ ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ ደብዳቤ የሚጠፋው ደግሞ በአንዲት መስመር ምክንያት ነው፦ «ላኪ» በምትለዋ። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ነገሩን ለማቅለል ብሎ የደንበኛዋን የኢሜይል አድራሻ በላኪነት ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ «መልስ» የሚለውን ሲጫን በቀጥታ ለእሷ እንዲሄድ ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፣ ውጤቱ ግን በሰው ስም የተጻፈ ደብዳቤ ነው። የእሷን አድራሻ የሰጣት ያሁ ወይም ጉግል ነው፤ ደብዳቤው የመጣው ግን በርካሽ ኪራይ ከተገኘ የሆስቲንግ ሰርቨር። ለተቀባዩ ይህ ከአጭበርባሪ ሥራ አይለይም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ያሁ በስሙ ከሌላ ሰርቨር የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ እንዲመለስ የሚያዝ ደንብ አወጣ፤ በዓለም ዙሪያ በዚህ መልክ የተሠሩ ፎርሞች ከያሁ ተጠቃሚ የሚመጣውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማጣት ጀመሩ። ውጭ ካሉት ወገኖቻችን ያሁ የሚጠቀመው ቀላል አልነበረምና ጉዳቱ እኛንም የሚነካ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ላኪው የድርጅቱ የራሱ ዶሜይን አድራሻ ይሁን፤ የደንበኛዋ አድራሻ «መልስ ለ» በሚለው መስመር ይግባ። ባለቤቱ «መልስ» ሲል አሁንም ለእሷ ይሄዳል፤ በማንም ስም የተላከ ግን አይኖርም። ቀጥሎ ዶሜይኑ ማንነቱን የሚያስመሰክርበት ሦስት መዝገብ አለ። አንደኛው፣ ኤስፒኤፍ፣ በዶሜይኑ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ የኮንዶሚኒየም ጥበቃ በር ላይ እንደሚይዘው የነዋሪዎች ዝርዝር ነው፣ ስሙ የሌለ ይጠየቃል። ሁለተኛው፣ ዲኪም፣ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ሊመሰል የማይችል ፊርማ ያሳርፋል። ሦስተኛው፣ ዲማርክ፣ ሁለቱም ሳይገጥሙ ሲቀሩ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይወስናል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግል ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢያንስ አንዱን እንዲያሟላ ይጠይቃል። በየታፔላው ላይ የጂሜይል አድራሻ በሚጻፍበት ከተማ ውስጥ ይህ ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ሦስቱንም የዶሜይኑ መዝገብ በሚተዳደርበት ቦታ መጻፍ ለሚያውቅበት ሰው የግማሽ ቀን ሥራ አይሞላም። ወርድፕረስ ለሚጠቀም ደግሞ ደብዳቤውን በፒኤችፒ ትእዛዝ ከመልቀቅ ይልቅ፣ በይለፍ ቃል በገባ የኢሜይል አካውንት በኩል የሚልክ ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ይበቃዋል።

ስለ ስፓም በአጭሩ። ክፍት ፎርም ያገኘ ሮቦት ሌሊቱን ሙሉ ማስታወቂያ ሲሞላበት ያድራል። ከዚህ የሚብሰው ግን በስም ሳጥን ውስጥ መስመር እያስገባ ፎርሙ ለሌላ ሺህ ሰው እንዲልክ የሚያደርገው ነው። ማት ራይት እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው፣ ፎርምሜይል የተባለው ታዋቂ ፕሮግራም ለዓመታት የስፓም መሣሪያ ሆኖ ነበር። ዛሬ ደህና የፎርም ፕሮግራም ሁሉ ይህን ይከላከላል። ለሮቦቱ ደግሞ የምመርጠው ወጥመድ ሰው የማያየው አንድ ባዶ ሳጥን ነው፤ ሮቦት ሁሉን ይሞላልና እሱን የሞላ ይጣላል። የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጡ የሚለው ፈተና በደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰውን ያሰለቻል፤ ዓይነ ስውራንንም ያስቸግራል።

ሳጥኖቹ ራሳቸው ሌላ ጉዳይ ናቸው፣ እኔንም በጣም የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ፎርሞቻችን በአብዛኛው ከውጭ የተቀዱ ናቸው። ቀዳሚ ስምና የቤተሰብ ስም ለየብቻ ይጠይቃሉ፤ እኛ የራሳችን ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን። «ሙሉ ስም» የሚል አንድ ሳጥን ይበቃል። ፖስታ ኮድና የመንገድ ስም የግድ ይላሉ፤ የገርጂ ሰው ግን አድራሻውን የሚናገረው በመብራት ኃይል፣ የሲኤምሲው በአደባባዩ፣ የአያት ሰፈሩ በኮንዶሚኒየም ብሎክ ነው። «አካባቢና ምልክት» የሚል ሰፊ ቦታ ቢሰጠው እንደ ልቡ ይጽፋል። ስልክ ላይ አንዱ ከ09 ይጀምራል፣ ሌላው ሳፋሪኮም ስለሆነ ከ07፣ ሦስተኛው ከ251፤ ውጭ ያለው ደግሞ ቁጥሩን ከአገሩ ኮድ ጋር ያስገባል። አሥር አኃዝ ካልሆነ አልቀበልም የሚል ፎርም የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ከደጅ ይመልሳል። ሁሉንም ተቀብሎ ማስተካከሉን ለፕሮግራሙ መተው ነው።

ሰዓት ከሁሉም የከፋ ነው። «3 ሰዓት እደርሳለሁ» ብሎ የጻፈ እንግዳ ጠዋት ይሁን ማታ፣ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፣ ምን ተይዞ ይታወቃል? ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ሾፌር ተልኮ ቦሌ ኤርፖርት በር ላይ የሚቆምበት ጉዳይ ነው። ቀጠሮ የሚይዝ ፎርም ሰዓቱን በነጻ ሳያስጽፍ «ጠዋት 3 ሰዓት» እና የፈረንጁን አቻ ጎን ለጎን አድርጎ ያስመርጥ። ለቀኑም እንደዚያው፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ያልተነገረው ሰው ዓመቱን በሰባት ወይም በስምንት አሳስቶ ሊይዝ ይችላል።

ፊደላችንም አለ። ግዕዝ የኮምፒውተር የጋራ የፊደል ደንብ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ስለዚህ ዛሬ አማርኛ የማይቀበል ፎርም ሠርቶ ማስረከብ ሰበብ የለውም። ሆኖም ስም በላቲን ፊደል ብቻ እንዲጻፍ የሚያስገድድ አለ፤ «አበበ» ብሎ የጻፈን ሰው «ትክክለኛ ስም ያስገቡ» ይለዋል። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ፊደሉ ስሙን የጻፈ ሰው እንዲህ ሊባል አይገባም። ሌላው ስሕተት ኢሜይሉ ሲደርስ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ መገኘቱ ነው። ደብዳቤው ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ መጻፉ በግልጽ ካልታወጀ፣ የርእሱ መስመርም ለብቻው በተለየ ኮድ ካልተጻፈ፣ ተቀባዩ ፕሮግራም ላያነበው ይችላል። የኢሜይል ርእስ ሲፈጠር የእንግሊዝኛን ፊደል ብቻ እንዲሸከም ሆኖ ነውና።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ደብዳቤ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ፎርሙ ከመላኩ በፊት ቅጂውን በድረ ገጹ ዳታቤዝ ላይ ያስቀምጥ እላለሁ። በወርድፕረስ በሰፊው የሚታወቀው፣ ኮንታክት ፎርም 7 የሚባለው ፕሮግራም ብቻውን ሲሆን ይልካል እንጂ አያስቀምጥም፤ የዚያው ሠሪ ፍላሚንጎ የተባለ ተጨማሪ ሲጫንበት ግን ያስቀምጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ቴሌግራም አለ። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ለቦት (በራሱ መልእክት ለሚልክ ፕሮግራም) በሩን ከከፈተ ወዲህ የፎርሙን መልእክት በዚያው ቅጽበት ወደ ሠራተኞች ግሩፕ መላክ ይቻላል። ኢሜይሉን በሳምንት አንዴ የሚከፍት ባለቤት ቴሌግራሙን በደቂቃ ውስጥ ያያል፤ ለቦሌ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

የቅጂው ነገር የቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 መጨረሻ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ በአገር ደረጃ ተዘግቶ ነበር። ላኪ ሰርቨር ተቀባዩን ሲያጣ ደጋግሞ ይሞክራል፣ በደንቡ መሠረት ግን ከአራት ወይም አምስት ቀን በኋላ ተስፋ ቆርጦ ይመልሰዋል። ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ በዳታቤዝ የተቀመጠ መልእክት ግን መስመሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። አሁን ጎሮ አካባቢ ባለው የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ ራክሲዮና ዊንጉን የመሳሰሉ ድርጅቶች ዳታ ሴንተር ስለገነቡ ድረ ገጽን እዚሁ ምሥራቅ አዲስ አበባ ማስቀመጥም ይቻላል። ለአገር ውስጥ ደንበኛ መንገዱ ያጥራል፤ ዋናው ደንበኛው ዋሽንግተን ላለ የእንግዳ ማረፊያ ግን ሰርቨሩ ውጭ ቢሆን ይሻለዋል፣ ቢያንስ ቅጂው።

የተቀመጠ መልእክት ደግሞ የሰው ገመና ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ መጠቀምን ያስገድዳል፤ የጤና መረጃን ደግሞ ለይቶ ይጠብቃል። የጥርስ ክሊኒክ ፎርም ስምና ስልክ ይበቃዋል፤ ስለ ሕመሙ በስልክ ይጠየቅ፣ የበሽታ ታሪክ በኢሜይል መንገድ አይሂድ። ቀጠሮው ካለፈ በኋላም መልእክቱን የሚያጠፋ ሰው ይመደብ።

ፎርሙ ተሠርቶ ሲረከቡ ባለሙያው ፊት ይሞከር። አንዴ ከጂሜይል፣ አንዴ ከያሁ አድራሻ፣ አንዴ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ፣ አንዴ ከስልክ በሞባይል ዳታ። የደረሰው ይከፈት፣ «መልስ» ይባል፣ መልሱ ለማን እንደሚሄድ ይታይ። የስፓም ሳጥኑም ይፈተሽ። ይህንኑ በየወሩ መጀመሪያ የሚደግም አንድ ሠራተኛ በስም ይታወቅ፤ ሆስቲንጉ ሲታደስ፣ የይለፍ ቃል ሲቀየር፣ ወርድፕረስ ሲሻሻል ፎርሙ ማንም ሳያውቅ ሊቆም ይችላልና። የምስጋናው ጽሑፍም ይስተካከል፦ «መልእክትዎን ተቀብለናል፤ እስከ ነገ ማታ መልስ ካላገኙ በዚህ ቁጥር ይደውሉልን» ተብሎ የስልክ ቁጥሩ ከሥሩ ይጻፍ።