ጡትን የሚፈውስ፣ ልብን የሚጠብቅ ጨረር

ቪልሄልም ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1895 በዓይን የማይታየውን ረቂቅ ጨረር ለዓለም ከገለጠ በኋላ፣ ይህ ጨረር አጥንትን ከማሳየት አልፎ ደዌን ለማድረቅም እንደሚበጅ ለመረዳት ሐኪሞች ብዙ ዘመን አልፈጀባቸውም፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የጡት ካንሰር ዋነኛ መድኃኒት ተብሎ የሚታመነው ጡቱን ከደረት ጡንቻውና ከብብት የሊምፍ ዕጢዎቹ ጋር ጠራርጎ ማውጣት ስለ ነበረ፣ ጨረር ለረጅም ዘመን የቢላዋ ተከታይ ሆኖ ኖረ። በ1920ዎቹ በሎንዶን የቅዱስ በርቶሎሜዎስ ሆስፒታል ጄፍሪ ኬይንስ የራዲየም መርፌዎችን በጡት ውስጥ እየተከለ፣ አካልን ሳያጎድሉ ማከም እንደሚቻል ሲያስተምር፣ ከዘመኑ ቀዶ ሐኪሞች ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። ክርክሩ የለየለት ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ በሚላኖ፣ በርናርድ ፊሸር በአሜሪካ፣ ሕሙማንን በዕጣ እየለዩ ሃያ ዓመት ከተከታተሉ በኋላ ነው፤ በ2002 በታተመው ውጤታቸው፣ ዕጢውና በዙሪያው ያለው ሥጋ ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር የተቀበሉት ሴቶች ጡታቸውን ካጡት እኩል በሕይወት መኖራቸው ተረጋገጠ። በፊሸር ጥናት ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው ጨረሩን ካልተቀበሉት ከመቶ 39ኙ ላይ ካንሰሩ በዚያው ጡት ሲመለስ፣ ከተቀበሉት ግን የተመለሰባቸው ከመቶ 14 ብቻ ነበሩ።

ጨረር ካንሰርን የሚገድለው በሴሉ ውስጥ ያለውን ዲ.ኤን.ኤ. በመሰባበር ነው፤ ጤነኛው ሴል ጉዳቱን ለመጠገን ከካንሰሩ የተሻለ ችሎታ ስላለው፣ መጠኑ ለብዙ ቀን ተከፋፍሎ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ጡት በተፈጥሮው ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ ሥፍራ ነው፤ ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ሆኖ በጎድን አጥንት ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ ከጎድኑ ጀርባ ሳንባ፣ በግራ ወገን ደግሞ ልብ አለ። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ሊቃውንት ጨረሩን ፊት ለፊት ወደ ደረት አይለቁም፤ ገበሬ የአጥሩን ሥር ሲያርስ አጥሩን ሳያፈርስ ታክኮ እንደሚያልፍ፣ እነርሱም ከሁለት ጎን በአግድም እየላኩ ደረትን ታክኮ እንዲያልፍ ያደርጉታል።

የዚህ አሠራር ጉድለት መጠኑ በጡቱ ውስጥ እኩል አለመዳረሱ ነው፤ ቀጭኑ ክፍል ከሚገባው በላይ ይቀበልና ቆዳው ይላጣል። ቀድሞ ይህን ለማረም በጨረሩ መንገድ ላይ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ብረት ይጋርዱ ነበር። ኋላ ግን ሲቲ ስካን የእያንዳንዷን ሴት ደረት በየንብርብሩ ማሳየት ሲችል፣ ኮምፒዩተር የጨረሩን ብዛት በየሥፍራው እየጨመረና እየቀነሰ የሚያከፋፍልበት፣ በአሕጽሮት አይ.ኤም.አር.ቲ. የሚባለው መንገድ ተገኘ፤ በካናዳ ከሽብልቁ ጋር ተነጻጽሮ ሲፈተን ቆዳቸው እየራሰ የሚላጥባቸውን ሴቶች ቁጥር ከመቶ 48 ወደ 31 አወረደ። መሣሪያው በሕመምተኛይቱ ዙሪያ እየዞረ የሚያበራበት ቪማት ደግሞ፣ የብብትና የደረት አጥንት አጠገብ የሊምፍ ዕጢዎች አብረው መታከም ሲኖርባቸው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ጥቂት ጥቂት ጨረር ወደ ጤነኛው ጡትና ወደ ሌላው ሳንባ ስለሚበትን፣ ገና ብዙ ዕድሜ ለሚቀራት ወጣት ሳያመዛዝኑ የሚመርጡት አይደለም። ፕሮቶን የሚባለው የጨረር ዓይነት በተወሰነ ጥልቀት ላይ ደርሶ የሚቆም በመሆኑ ከሁሉ የረቀቀ ነው፤ መሣሪያው ግን እጅግ ውድ ስለሆነ ሊገዛው የሚችለው አገር ጥቂት ነው።

በእኔ አስተያየት እነዚህን መንገዶች ሊዳኛቸው የሚገባው ልብ ነው። በስዊድንና በዴንማርክ የታከሙ ሴቶች ተመርምረው በ2013 የታተመው ጥናት፣ ልብ በአማካይ በተቀበለው በእያንዳንዱ ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ብርቱ የልብ ሕመም ከመቶ 7.4 እጅ እንደሚጨምር፣ ምንም አይጎዳም የሚባል ዝቅተኛ ልክም እንዳልተገኘ ገለጠ። ለዚህ ብርቱ ችግር የተገኘው መፍትሔ ግን ለመሣሪያ ብዙ የሚያስወጣ ሳይሆን እስትንፋስ ነው። ሕመምተኛይቱ በረጅሙ አየር ስባ ሃያ ሰከንድ ያህል ስትይዘው፣ ሳንባዋ ይሞላል፣ ልቧም ከደረቷ ግድግዳ ይርቃል፤ ጨረሩም በዚያች ጊዜ ብቻ ይለቀቃል። በእንግሊዝ አገር በሮያል ማርስደን ሆስፒታል የተደረገው ሙከራ እንዳሳየው፣ አንዲት ሴት በራሷ ፈቃድ የምትይዘው እስትንፋስ፣ አየሩን በመሣሪያ ዘግቶ ከማስያዝ ያነሰ ጥበቃ አልሰጠም። ጡቷ ትልቅ የሆነ ሴት በደረቷ ተደፍታ ጡቷ ከደረቷ ርቆ እንዲንጠለጠል ማድረግም ሌላው መንገድ ነው። ዕፁብ ድንቅ የሚያሰኘኝ ይህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው መሣሪያዎች የሚደክሙለትን ነገር፣ በሚገባ የተማረችና የተረጋጋች ሴት በአንድ ትንፋሽ ልትፈጽመው መቻሏ።

ከአቅጣጫው ሌላ የቀኑም ቁጥር ተለውጧል። ቀድሞ 50 ግሬይ በ25 ቀን ይሰጥ የነበረው፣ በእንግሊዝ በተደረገ ፈተና 40 ግሬይ በ15 ቀን ቢሰጥ የማያንስ ሆኖ ተገኘ፤ በ2020 ደግሞ 26 ግሬይ በ5 ቀን መስጠት ካንሰሩ እንዳይመለስ በማድረግ ረገድ ከ15ቱ ቀን እንዳላነሰ ታወቀ። ከዚህም አልፈው በቀዶ ጥገናው ሰዓት፣ ቁስሉ ሳይዘጋ፣ በአንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡ አሉ፤ ሆኖም በሚላኖ በተደረገው ፈተና በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ከመቶ 4.4 ሲሆኑ፣ መላ ጡታቸው ከታከመላቸው ሴቶች ዘንድ 0.4 ብቻ ስለ ነበሩ፣ ይህ ዕጢያቸው ትንሽ ለሆነ፣ ተመርጠው ለተለዩ ሴቶች እንጂ ለሁሉ አይሆንም።

የጡት ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚወርዱት ካንሰሮች ቀዳሚ በሆነባት በአገራችን፣ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የተገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በኮባልት መሣሪያ ብቻ ነበር። የኮባልት ኃይል በየአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ በግማሽ ስለሚጎድል፣ ምንጩ ሲያረጅ አንዷን ሴት ለማከም የሚወስደው ደቂቃ ይረዝማል፣ ወረፋውም እንዲሁ። ከሩቅ አገር መጥታ፣ ልጆቿን ለጎረቤት ትታ፣ በከተማ ቤት ተከራይታ ተራዋን ለምትጠብቅ እናት፣ ከ25 ቀን ወደ 15 መውረድ ቢያንስ የአሥር ቀን ኪራይና ቀለብ ማትረፍ ሲሆን፣ ለሐኪም ቤቱም ያው መሣሪያ ሌሎች ሕሙማንን የሚቀበልበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጨረር የታዘዘላት ሴት መሣሪያው አዲስ ወይም አሮጌ መሆኑን ከመጠየቋ በፊት፣ ሕመሟ በግራ ጡቷ ከሆነ እስትንፋሷን እንድትይዝ ያለማምዷት እንደሆነ፣ ቀኑስ በ15 ወይም ከዚያ ባነሰ ሊያልቅላት ይችል እንደሆነ ሐኪሟን ብትጠይቅ መልካም ነው።