ስለ ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ጥቅም

በአራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ማስረጃውን በክላሴር ይዞ የክፍት ቦታውን ስልክ ቁጥር በመዳፉ ላይ የሚጽፈውን ወጣት ያየ ሰው፣ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ሙያ ከምን ችግር እንደ ተወለደ ለመረዳት ብዙ ሐተታ አያሻውም። ቀጣሪውም በበኩሉ የማመልከቻው ክምር ሲያታክተው፣ ለዘመድና ለወዳጅ ቃል አድልቶ ብቁውን ከደጅ ይመልሰዋል።

ደገኛ አገናኝ ሥራውን የሚጀምረው ከማስታወቂያው በፊት ነው፤ ቀጣሪው «አምስት ዓመት ልምድ» ብሎ የጻፈውን ብቻ ይዞ ከመሮጥ ይልቅ፣ አዲሱ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን እንዲፈጽም እንደሚፈለግ፣ የቀድሞውም ሠራተኛ ስለ ምን እንደ ለቀቀ መርምሮ ይጠይቃል። (የኋለኛው ጥያቄ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቀጣሪዎችም በግልጽ ለመመለስ የሚያመነቱት እርሱን ነው።) ሥራ ፈላጊውም በራሱ አንደበት ሊያነሣው የሚያፍረውን የደመወዝ ነገር በሌላ አፍ ያስጠይቃል።

ስለ አገናኙ ክፍያ፣ በ1989 ዓ.ም. በዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ የጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው ቁጥር 181 ስምምነት፣ የግል አገናኝ ድርጅት ከሠራተኛው ገንዘብ እንዳይቀበል በመርሕ ደንግጓል። ዋጋውን የሚከፍለው ቀጣሪው ነውና፣ የአገናኙ ታማኝነት አስቀድሞ ወደ እርሱ ያዘነብላል፤ ስለዚህ አገናኙን እንደ ንስሐ አባት ቆጥረው ምስጢርዎን ሁሉ አይዘርግፉለት። የሥራ ልምድ መግለጫዎንም፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚላክ ሳይነግርዎና ሳይፈቅዱለት እንዳይልክ አስቀድመው ያስጠንቅቁት።