ስለ ምድር ሙቀት ጕድጓድና በርሱ ምክንያት ስለሚነሣው የመሬት መናወጥ

ከምድር ውስጥ በሚወጣው ሙቀት የኤሌክትሪክ ኀይል ለማግኘት ጥልቅ ጕድጓድ ሲቈፈር፤ አልፎ አልፎ በአካባቢው ያለው መሬት ይናወጣል። ጕድጓዱ የሚቈፈረው በገበሬ መሬት አጠገብ ስለ ሆነ፤ ጕዳትም ሲደርስ ሕዝቡ አስቀድሞ አቤት የሚለው ወደ ቅርብ ሹሙ ስለ ሆነ፤ አገር የሚያስተዳድሩና ርስት ያላቸው ሰዎች ምክንያቱን ቢያውቁት ይጠቅማል።

በአገራችን የዚህ ሥራ መነሻ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው የአሉቶ ተራራ ነው። በዚያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 8 ጕድጓዶች ተቈፈሩ፤ የጠለቁትም ወደ 2500 ሜትር ደረሱ፤ የኤሌክትሪኩም መኪና በ1998 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በአሉቶ ፍል ውሃው በተፈጥሮ ስለሚገኝ ዐለቱን በውሃ ግፊት መሰንጠቅ አላስፈለገም። እንዲህ ባለው ስፍራ አደጋው ቀላል ነው፤ ፈጽሞ የለም ግን አይባልም።

ብርቱው አደጋ ደረቅ የጋለ ዐለት ባለበት ነው። በጥልቁ ዐለት ውስጥ አሮጌ ስንጥቅ አለ፤ ግራና ቀኙ ከጥንት ጀምሮ እየተገፋ ሳለ ክብደትና ሰበቃ አጣብቀው ይዘውታል። ውሃ በግፊት በገባበት ጊዜ ማጣበቂያው ይላላና ዐለቱ ይንሸራተታል። እንግዲህ ውሃው አዲስ ኀይል አይፈጥርም፤ የተጠራቀመውን ይለቀዋል እንጂ። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ በ2006 ዓ.ም. በታኅሣሥ የሆነው ይኸው ነው። መናወጡ ስለ በረታ ውሃ መጨመር ተቋረጠ፤ ዳሩ ግን በዚያው ቀን፤ ከተቋረጠ ከሰዓታት በኋላ፤ ልኩ 3.4 የሆነ መናወጥ ደረሰ። ቤቶች ተሰነጣጠቁ፤ ለካሣም ወደ 7 ሚሊዮን ፍራንክ ተከፈለ፤ ሥራውም በ2009 ዓ.ም. ቀረ። በደቡብ ኮርያ በፖሃንግ የደረሰው ከዚህ ይብሳል፤ ልኩ 5.5 ያህል የሆነው መናወጥ የተነሣው በ2017 ዓ.ም. በኅዳር፤ የመጨረሻው ውሃ ከገባ ሁለት ወር ያህል ቈይቶ ነው።

በሁለቱም ስፍራ መናወጡ ሲበረታ ሥራውን የሚያቆም ደንብ ነበረ፤ አላዳነም። ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ ከቍፋሮው በፊት የሚደረገው ነው፤ ይኸውም ከስንጥቅና ከከተማ የራቀ ስፍራ መምረጥ፤ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ መለኪያ መሣሪያ ተክሎ የምድሩን ልማድ መመዝገብ ነው። ያለዚህ መዝገብ የተፈጥሮውንና በሰው ሥራ የመጣውን መለየት አስቸጋሪ ነው። በ2024 ዓ.ም. መጨረሻና በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዋሽና በፈንታሌ ዙሪያ ብዙ ሺህ ሕዝብ ያስለቀቀው መናወጥ ከቀለጠ ዐለት እንቅስቃሴ የመጣ የተፈጥሮ ነው፤ የጕድጓድ ሥራ አይደለም።

ፍኖተ ሰላም፤ ቡሬና በጠቅላላው ምዕራብ ጎጃም ከስምጥ ሸለቆው ርቀው በደጋው ላይ ናቸው። በዚያ ለመጠጥና ለመስኖ የሚቈፈረው ጕድጓድ ውሃ የሚቀዳበት እንጂ በግፊት የሚጨመርበት ስላይደለ፤ ገበሬው የአዋሽን ወሬ ሰምቶ ጕድጓድ እንዳይከለክል ሹማምንቱ ልዩነቱን ቢያስረዱት መልካም ነው። ወደ ፊት ግን ለምድር ሙቀት ፈቃድ ይዞ የሚመጣ ቢኖር፤ የጭቃና የድንጋይ ቤቶች፤ ጎተራዎችና ምንጮች ከቍፋሮው በፊት ያሉበት ኹኔታ በባለቤቶቹ ፊት ይመዝገብ፤ ካሣውን ማን እንደሚከፍልም አስቀድሞ በውሉ ይጻፍ።