እርሻና የአገር ጠባይ

የሰው ልጅ ከዛሬ 10 ሺህ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ዘር መዝራትና እንስሳ ማላመድ ጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ የእርሻው ዐይነት እንደ አገሩ ጠባይ ተለያየ። በኢትዮጵያም ደገኛው በሬ ጠምዶ ገብስና ስንዴ ይዘራል፤ ጉራጌና ሲዳማ እንሰት ይተክላሉ፤ የአፋርና የቦረና አርብቶ አደር ውሃና ሣር ተከትሎ ይዘዋወራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የኮንሶ ሕዝብ ሥራ ነው። መሬቱ ተዳፋትና ድንጋያማ፥ ዝናሙም ጥቂት ሲሆን፥ ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ እየካበ፥ አንዳንዱንም ካብ እስከ 5 ሜትር እያነሣ፥ አፈሩንና ውሃውን ይዞ ኖሮአል። ስለዚህም ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ነገር ግን ካብ በየጊዜው ካልተጠገነ ይፈርሳል፤ አፈርም በጎርፍ ከሄደ በሰው ዕድሜ አይመለስም። እንግዲህ ለልጁ መሬት ማውረስ የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ አፈሩን ይጠብቅ።